ጥያቄና መልስ፦ ወዳደግሁበት ሚሲዮን ብመለስ እምነቴ ይታደሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድሜዬ ስድሳ አልፏል። የተጠመቅሁትም፣ ትምህርተ ክርስቶስ የተማርሁትም ከዚህ ርቆ ባለ የካቶሊክ ሚሲዮን፣ በሲስተሮች (በመነኮሳይት) እጅ ነው። አሁን እሑድ አስቀድሳለሁ እንጂ ልቤ ቀዝቅዟል። አንድ ጊዜ እዚያ ሄጄ መጸለይ አማረኝ። ልጆቼ «እግዚአብሔር እዚህስ የለም ወይ? መጽሐፍ ቅዱስሽን እቤትሽ አንብቢ» ይሉኛል። ካሳደጉኝ ሲስተሮችም ዛሬ በዚያ የቀረ የለም። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጆችዎ ስለ ንባቡ እውነታቸውን ነው። ስለ ጉዞው ግን አልስማማም። በኢየሩሳሌም ሊወግሩትና ሊይዙት በፈለጉ ጊዜ ጌታችን ወዴት እንደ ሄደ ዮሐንስ 10፥40 ላይ ይመልከቱ፤ ዮሐንስ በመጀመሪያ ያጠምቅበት ወደ ነበረው፣ ወደ ዮርዳኖስ ማዶ ነው የተመለሰው። በዚያም ብዙዎች አመኑበት። እሱ ከተመለሰ እርስዎ ቢመለሱ ማን ይፈርድብዎታል?

ከመነሣትዎ በፊት ግን ዘፍጥረት 35ን ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ድምፅ አውጥተው ቢሆን ይሻላል። ያዕቆብ በወጣትነቱ ከወንድሙ ሸሽቶ፣ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረው ቤቴል ነበር። ዘመን አልፎ፣ ወልዶ ከብዶ፣ በሴኬም ቤቱ ከታወከ በኋላ «ተነሥተህ ወደ ቤቴል ውጣ» ተባለ። ወዲያው ግን አልተነሣም። በቤቱ የነበሩትን ጣዖታትና የጆሮ ጉትቻ ሰብስቦ በሴኬም አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቀበረ። እኛም እንዲሁ ነን፤ ኑዛዜውን እዚሁ ደብረ ብርሃን ጨርሰው ይሂዱ። ሸክሙን ተሸክመው አውቶቡስ ላይ ቢወጡ እዚያም ይዘውት ይደርሳሉ።

ደግሞ በቤቴል የተቀበለው ምን እንደ ነበረ ልብ ይበሉ። የእናቱ የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ እዚያ ሞተች፤ የተቀበረችበትም ዛፍ የልቅሶ ዛፍ ተባለ። እርስዎም በሩ ላይ የሚያውቁት ፊት ሲያጡ ያለቅሳሉ፤ ያልቅሱ። ጉዞው ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ከዚህ ምዕራፍ እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ እግዚአብሔር ያን ጊዜ ከተናገረው አብዛኛው አዲስ አልነበረም። «ስምህ እስራኤል ይሆናል» ያለው ቀድሞ በያቦቅ ወንዝ አጠገብ ያለውን ነው፤ ስለ ምድሪቱም የሰጠው ተስፋ ቤቴል ባደረበት በመጀመሪያው ሌሊት የሰማው ነበር። ስለዚህ ራእይ አይጠብቁ። ሲስተሮቹ ያስጠኑዎትን «አባታችን ሆይ» እንደ ልጅነትዎ ቢደግሙት ይበቃል።

ቀዝቅዟል ያሉትን ልብ እኔ ጠፍቷል አልለውም። በዚህ አገር ብርድ ማታ ፍሙን በአመድ የማያዳፍን ማን አለ? ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ እፍ ማለት ነው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስጦታውን እንዲያነሣሣ ሲመክረው አስቀድሞ የአያቱንና የእናቱን እምነት አስታወሰው (2ጢሞ. 1፥5-6)። እፍታው ግን ቃሉ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ፣ የጥንቱን መምህር የቅዱስ ሄሮኒሞስን ቃል ጠቅሶ ቅዱሳት መጻሕፍትን አለማወቅ ክርስቶስን አለማወቅ ነው ይላል፤ ንባቡም ከጸሎት ጋር ይሁን ብሎ ያሳስባል። ብዙ ምዕራፍ አያሳድዱ። የእሑዱን ወንጌል ከሐሙስ ጀምረው ያንኑ አንዱን ይደጋግሙ። ኦርቶዶክስ ጎረቤትዎ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ዜማው ይለያል እንጂ መዝሙሩ የእኛም ነው፤ አብረው ይድገሙ።

በቦታው ብቻ እንዳይታመኑ ደግሞ የቅርባችንን የምኒልክን የቀድሞ መቀመጫ ልቼን ያስቡ። ካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ጳጳስ አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 ያኔ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ጋር የተገናኙት እዚያ ነው፤ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ሸዋን ለቀው ወጡ። ዛሬ እኛ ጥቂቶቹ ካቶሊኮች የምናስቀድሰው እሳቸው የቆሙበት ስፍራ ስለ ተረፈልን አይደለም።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተው፣ ከልጆችዎ አንዱን አስከትለው ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ ቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) የጥምቀት መዝገቡን እንዲያሳዩዎት ይለምኑ። ሰው ቢያልፍም መዝገቡ ይኖራልና ስምዎ ከክርስትና እናትዎ ስም ጋር ተጽፎ ያገኙት ይሆናል። እዚያው ቆመው ሰይጣንን የካዱበትን፣ በሥላሴ ያመኑበትን ቃል ያድሱ፤ በየዓመቱም በዚያው ቀን ይድገሙት። ቀኑን በወረቀት ጽፈው ይዘውልኝ ይምጡ። ሚሲዮናውያን ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና የሚጽፉት፣ ወደ እኛ እቀይርልዎታለሁ።