ስቶሬጁ በመሀል ሲጠፋ፦ የአይስካዚና የኤንኤፍኤስ ሙከራ

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄውን ላላዩ ባጭሩ፦ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ያለ ቢሮ ነው፤ ፎቅ ላይ ሰርቨር፣ ምድር ቤት ስቶሬጅ። ዳታቤዙ በአይስካዚ (የሩቅ ዲስክን በኔትወርክ እንደ ራስ ዲስክ የሚያሳይ)፣ የጋራ ፋይሉ በኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያጋራ) ይሄዳል። የላይኛው ስዊች ዩፒኤስ ላይ ነው፣ የምድር ቤቱ ግን ጄኔሬተር እስኪነሳ ይጠፋል። ሰርቨሩ ላይ የኔትወርክ ኢንተርፌሱን ዳውን አድርገህ ቶሎ አፕ ስታደርገው ሁሉም ደህና ተመለሰ፤ «ሥራ ከመጀመራችን በፊት ይኼ ይበቃል ወይ?» ነው ያልከው።

አይበቃም። ኢንተርፌሱን ዳውን ስታደርገው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ወዲያው ያውቀዋል፣ ራውቱም (ወደ ስቶሬጁ የሚወስደው የኔትወርክ መንገድ) አብሮ ይሰረዛል። የምድር ቤቱ ስዊች ሲጠፋ ግን ሰርቨርህ ከላይኛው ስዊች ጋር ስለሆነ የፖርቱ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። የላከው ይሄዳል፣ መልስ የሚባል ነገር የለም። መፈተን ያለብህ ይኼንን ዝምታ ነው።

ዝምታውን ለመፍጠር ስቶሬጁ ላይ በአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ድሮፕ አድርግ፣ ማለትም ፓኬቱን ያለ መልስ ጣል፦ ለአይስካዚ ፖርት 3260፣ ለኤንኤፍኤስ 2049፣ ገቢውንም ወጪውንም። ሪጀክት በቲሲፒ ሪሴት (ግንኙነቱን የሚሰብር መልስ መላክ) ሌላ ሙከራ ነው፤ ማሽኑ እየሠራ አገልግሎቱ ብቻ የቆመ ያስመስላል፣ ስህተቱም ወዲያው ይደርሳል። ሩሉን ከዝርዝሩ መጨረሻ ሳይሆን ከላይ አስገባ። የተጀመሩ ግንኙነቶችን የሚያሳልፍ ሩል ከቀደመው የአንተ ድሮፕ አይነካም፤ ሙከራው ያለፈ ይመስልሃል እንጂ አንድ ፓኬት አልተቋረጠም። የሩሉ ካውንተር (የጣላቸው ፓኬቶች ቁጥር) መጨመሩን ሳታይ ውጤት አትጻፍ። ኤስኤስኤች (ከርቀት የምትገባበት) በዚያው መስመር ከሆነ ደግሞ፣ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ሩሉን የሚሰርዝ ትእዛዝ በባክግራውንድ አስቀድመህ አስነሳ፤ አለዚያ አንድ ጥንቃቄ የጎደለው ሩል ምድር ቤት ያስወርድሃል።

ዋናው ነገር የምታቋርጥበት ርዝመት ነው። የሊኑክስ አይስካዚ በተለመደው ቅንብር በየ5 ሰከንዱ ፒንግ ይልካል፣ መልሱንም 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ስለዚህ መቋረጡን በ10 ሰከንድ ገደማ ያውቃል። ከዚያ 120 ሰከንድ አይ/ኦውን (ንባብና ጽሕፈቱን) አቁሞ ይጠብቃል፤ ሪፕሌስመንት ታይምአውት የሚባለው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተመለሰ ፋይል ሲስተሙ ምንም አልሰማም። ካለፈ፣ ማለትም በ130ኛው ሰከንድ አካባቢ፣ ስህተቱ ወደ ላይ ይወጣል፦ ፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ከሆነ ጆርናሉን (የለውጥ መዝገቡን) አቁሞ ሪድ ኦንሊ ይሆናል፣ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ጭራሽ ራሱን ይዘጋል። ከዚያ ሴሽኑ (የአይስካዚው ግንኙነት) ተመልሶ ዲስኩ ቢታይም ፋይል ሲስተሙ በራሱ አይድንም፤ አንማውንት ተደርጎ፣ ተፈትሾ እንደገና ማውንት መደረግ አለበት። ያንተ ሙከራ የጥቂት ሰከንድ ስለነበረ ይኼን ድንበር አልነካውም። 30፣ 110፣ 150 ሰከንድና 20 ደቂቃ እያደረግህ ሞክር። የ20 ደቂቃው ቲሲፒ ራሱ ተስፋ የሚቆርጥበትን፣ በሊኑክስ 15 ደቂቃ ገደማ የሆነውን፣ ያልፋል።

ኤንኤፍኤስ ሌላ ጠባይ አለው። በሃርድ ማውንት (መልስ እስኪመጣ ያለ ገደብ የሚጠብቅ) ፕሮሰሱ ዲ ስቴት (አይ/ኦ የሚጠብቅበት ሁኔታ) ውስጥ ገብቶ ይንጠለጠላል፣ ሎድ አቨሬጁ ይወጣል፣ ስቶሬጁ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ያስፈራል እንጂ ትክክለኛው ይኼ ነው። ሶፍት ማውንት ጊዜው ሲያልቅ ስህተት ይመልሳል፤ ስህተቱን በደንብ የማያይ ፕሮግራም ግማሽ የተጻፈ ፋይል ትቶ ይሄዳል። ለሚጻፍበት ነገር ሶፍትን አልመክርም። በማውንት ቅንብሩ የመልስ መጠበቂያው ታይሚዮ 600 ማለት 60 ሰከንድ እንጂ 600 ሰከንድ አይደለም፣ ቁጥሩ በአስረኛ ሰከንድ ነው። የኤንኤፍኤስ ስሪት 4 ሊዝ (ስቶሬጁ ሳይሰማህ ሎክህን የሚያቆይልህ ጊዜ) ደግሞ በተለምዶ 90 ሰከንድ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ስታቋርጥ ሌላ ማሽን ያንኑ ፋይል ሎክ ለማድረግ እንዲሞክር አድርግ።

ብዙ ሰው የሚዘለው የአንድ ወገን መቋረጥ ነው። ከስቶሬጁ የሚወጣውን ብቻ ድሮፕ አድርግ። የላክኸው ዳታ ደርሶ ዲስክ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ማረጋገጫው ግን አይመለስም። ሰርቨሩ አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል፤ የድጋሚ ጥያቄ አያያዝ ላይ ያለ ጉድለት የሚጋለጠው እዚህ ነው። ቀጥሎ ማብራት ማጥፋት፦ 10 ሰከንድ ድሮፕ፣ 20 ሰከንድ ክፍት፣ ደጋግመህ። የ120 ሰከንዱ ቆጠራ በተገናኘ ቁጥር ከዜሮ ስለሚጀምር ስህተት ላይወጣ ይችላል፤ ዳታቤዙ ግን ይንፏቀቃል። መጓተትን በኔትኤም (የኔትወርክ መዘግየትና ማጣት የሚፈጥር የሊኑክስ መሣሪያ) አምጣ፣ 200 ሚሊሰከንድ፣ ፓኬት ማጣት 1 ከዚያም 5 በመቶ። እሱ የሚነካው ወጪውን ብቻ ስለሆነ በሁለቱም ማሽኖች ላይ አድርገው።

«ተመለሰ» ለማለት ዳታውን ማየት ግድ ነው። ተራ ቁጥር እየጻፈ ከእያንዳንዱ በኋላ ኤፍሲንክ (ዳታው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ የሚጠብቅ ጥሪ) የሚጠራ ትንሽ ስክሪፕት አሠራ፤ ኤፍሲንኩ የተሳካለትን ቁጥር ሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ላይ ይመዝግብ። ከተመለሰ በኋላ የተመዘገበው ሁሉ ስቶሬጁ ላይ መኖር አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ቢኖርም ባይኖርም ችግር የለውም። ንባቡ ከሜሞሪ እንዳይሆን ገጽ ካሹን አራግፈህ ወይም አንማውንት አድርገህ አንብብ። ኤፍሲንክ አንዴ ከወደቀም ስክሪፕቱ እዚያው ይቁም፤ ሊኑክስ ላይ ሁለተኛው ጥሪ ሳይጻፍ «ተሳክቷል» ሊልህ ይችላል።

በመጨረሻ የምድር ቤቱን ስዊች ገመድ ከሶኬት ንቀልና ሰዓት ያዝ። ጄኔሬተሩ የሚነሳበት፣ ስዊቹ ቡት የሚያደርግበት፣ በዚያ ላይ ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቾች ላይ የዙር መስመርን የሚከላከል) በድሮው አሠራር ፖርቱን የሚያግድበት 30 ሰከንድ (መብራቱ በርቶ ምንም አያልፍም) አንድ ላይ ተደምረው 130 ሰከንድ ከተጠጉ፣ የስቶሬጁን ፖርት ኤጅ (ያን እገዳ የሚዘል) አድርገው፣ ሪፕሌስመንት ታይምአውቱንም ወደ 300 ከፍ አድርግ፤ መልቲፓዝ (ወደ ስቶሬጁ ከአንድ በላይ መንገድ) እስከሌለህ ድረስ። ቅንብሩ ከተቀየረ በኋላ ሴሽኑ ወጥቶ ካልገባ የድሮው ቁጥር ነው የሚሠራው። ለአንድ አነስተኛ ስዊች የሚሆን ዩፒኤስ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል፣ በተለይ ከክረምቱ ነጎድጓድ በፊት።