ከባድ የቪዲዮ ፋይል ሲቆራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

የድሮ የሰርግና የክርስትና ካሴቶችን ወደ ፋይል እቀይራለሁ። ካስረከብኩ በኋላ የሚደወልልኝ በአንድ ነገር ነው፦ «ጥራቱ ግሩም ነው፣ ግን እየቆመ ይሄዳል።» የተጠራቀሙትን ጥያቄዎች ዛሬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የእናትና አባቴ ሰርግ ከቪኤችኤስ ተቀድቶ በሃርድ ዲስክ ተሰጠኝ። አንዱ ሰዓት ወደ 100 ጊጋባይት ነው። ስከፍተው ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ይቆማል። ላፕቶፕ ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ ገንዘብሽን አታውጪ። ከመጠኑ እንደምረዳው ፋይልሽ ጭራሽ ያልታመቀ ነው። እንዲህ ያለው በሰከንድ 27 ሜጋባይት አካባቢ ይፈልጋል። ዩኤስቢ 2 ደግሞ በተግባር የሚያሳልፈው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ጎን ለጎን ሌላ ነገር ኮፒ እያደረግሽ ከሆነ በቃ፣ አይበቃውም። ዲስኩን ዩኤስቢ 3 ላይ ሰኪው፤ ገመዱም የዩኤስቢ 3 ይሁን። አሥር ደቂቃ የሚሆነውን ቆርጠሽ ላፕቶፑ ውስጥ ባለው ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) ላይ ሞክሪው። እዚያ በደንብ ከሄደ ችግሩ የዲስኩ ወይም የገመዱ ነበር። አሁንም ከቆመ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሪ።

ጥያቄ፦ የእኔ ፋይል ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው ዘዴ የታመቀ ነው፣ ኤስኤስዲ ላይ ነው ያለው። ፕሮሰሰሬ ስምንት ኮር አለው፣ ቪዲዮው ሲቆራረጥ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

መልስ፦ ኤፍኤፍቪ1 ከምስሉ ምንም ሳይጥል ያምቃል፤ ለዚህ ነው ለማኅደር የምመርጠው። ሲፈታ ግን ሥራው በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ስሪት 3 እያንዳንዱን ፍሬም ቆራርጦ ለኮሮቹ ማከፋፈል ይችላል። ያንተ የቆየው ስሪት 1 ሳይሆን አይቀርም። የቀዳልህን ሰው «በስሪት 3፣ በ24 ቁራጭ አስቀምጥልኝ» በለው። ከጥራቱ ምንም አይቀንስም። እግረ መንገዱንም የእያንዳንዱን ቁራጭ ደኅንነት የሚፈትሽ ቁጥር እንዲያስገባልህ ጠይቀው። ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ቢጎዳ የትኛው ቦታ እንደሆነ ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ሃርድዌር ዲኮዲንግን (ቪዲዮውን የመፍታት ሥራ ለግራፊክስ ክፍሉ መስጠትን) ማብራት ይረዳል?

መልስ፦ ለተለመዱት የማመቂያ ዓይነቶች፣ ለኤች 264 እና ለኤች 265፣ አዎ፣ በጣም። ለፕሮሬስ (ለአፕል የአርትዖት ቪዲዮ ዓይነት) በአብዛኛው ፒሲ ላይ ምንም አይለውጥም። ከኤም1 ፕሮ ቺፕ ጀምሮ ያሉ ብዙ ማኮች ግን ለፕሮሬስ የተለየ ክፍል አላቸው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው ያለሁት። ካሴቱ አዲስ አበባ የተቀረፀ ነው። አይቆምም፣ ግን ካሜራው ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ የሰው ጠርዝም እንደ ማበጠሪያ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ ኮምፒውተርህ ደህና ነው። የእኛ አገር ቪዲዮ ፓል የሚባለው ዓይነት ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)። ስክሪንህ 60 ኸርትዝ ስለሆነ (በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ) 25 እኩል አይገባበትም። የሚፈቅድልህ ከሆነ ወደ 50 አውርደው። ማበጠሪያው ደግሞ ኢንተርሌስ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም መስመር እየዘለለ በሁለት ግማሽ ተቀርጿል፤ በቪኤልሲ የቪዲዮ ሜኑ ውስጥ ዲኢንተርሌስን አብራ። አደራ፣ ማንም ሰው ዋናውን ፋይል ወደ 30 ፍሬም እንዲቀይርብህ አትፍቀድ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወደ ኤምፒ4 ቀይሬ ትልቁን ባጠፋውስ?

መልስ፦ እባክሽ አታጥፊው! መቀየሩ ትክክል ነው፣ ማጥፋቱ ነው ስህተቱ። ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ክፈቺው፣ ኤች 264 ምረጪ፣ ጥራቱን 18 ላይ አድርጊው፣ ዲኢንተርሌስ አብሪ። ጥቂት ጊጋባይት የሆነ ቅጂ ይወጣልሻል፤ ስልክም ቴሌቪዥንም ላይ ይሄዳል። ቤተሰቡ የሚያየው ይህን ነው። ትልቁ ሁለት ዲስክ ላይ፣ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። አንዲት ደንበኛዬ ትልቁን አጥፍታ ነበር። በቀረው ቅጂ ላይ አያቷ እልል ሲሉ ይሰማል፣ ፊታቸው ግን በጨለማው ውስጥ ካሬ ካሬ ሆኗል። ካሴቱን ድጋሚ ልቀዳላት ስከፍተው ሻግቷል። አጫዋቹም ቢሆን እየጠፋ ነው፤ የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ላለችው እህቴ በፍላሽ ልላክላት?

መልስ፦ ትንሹን ቅጂ ላኪላት። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጊው፤ በውስጡ ያለውን ግን አስቀድመሽ አውጪ፣ ሁሉም ይጠፋል።