አራት ማዳበሪያ ብጣሽ ጨርቅ ይዤ ሥራ ልጀምር ወይ?

ጥያቄው፦ «እትዬ እንደምን አሉ? 24 ዓመቴ ነው። በጋርመንት ደረጃ 2 ተምሬያለሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ስፌት ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ በትእዛዝ ደግሞ ፈረንጆች ኩዊልት የሚሉትን፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚቀጣጠለውን ባለ ሙሌት አልጋ ልብስ፣ እንሰፋ ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቷ የተረፈውን ቁርጥራጭ ‹ውሰጂው› አሉኝ። አራት ማዳበሪያ ሞላ። ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ከእናቴ ጋር በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው። አልጋ ሥር አልገባ ስላለ በር ላይ ደርድሬዋለሁ። እናቴ ‹ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ› ብላለች። ጓደኛዬ ‹ጨርቁ ነፃ ነው፣ ቦርሳና አልጋ ልብስ ሠርተሽ ቲክቶክ ላይ ሽጪ› ትለኛለች። አንድ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ጀምሪ ብሎኛል። ደሞዙ ብዙ አይደለም። የቱን ልያዝ? ብጣሹንስ ምን ላድርገው?»

ልጄ፣ በቅድሚያ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እውነታቸውን ነው።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ ማዳበሪያ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሲንጀሯ ሥር የወደቀ ነገር አይጣልም። «አንድ ቀን ይፈለጋል» ትል ነበር። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ክረምቱ መጣ። ማዳበሪያውን ስንፈታው ከላይ ሻጋታ፣ ከታች የአይጥ ጎጆ። እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም። ሰኔ ላይ ነን፤ ያንቺም ማዳበሪያ በር ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ መልሴን ሳልዞር ልንገርሽ። የዩኒፎርሙን ሥራ ያዢ። ብጣሹን እንዳለ አትጣዪው፣ ግን ንግድም አታድርጊው። ከመሐሉ የተወሰነውን መርጠሽ እጅሽን የምታሳዪበት ሥራ ሥሪበት። የቀረው ከቤት ይውጣ።

ጓደኛሽ «ነፃ ነው» ያለችው ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ። እስክሪብቶ አምጪ። 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር የሆነ የአንድ ሰው አልጋ ልብስ እንውሰድ። ተሰፍቶ ሲያልቅ 10 በ10 ሴንቲ የሚሆን ካሬ ብትመርጪ፣ በወርዱ 15፣ በቁመቱ 20፣ በድምሩ 300 ቁራጭ ነው። በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ትተዪለታለሽ፤ ኩዊልት ሰፊዎች የለመዱት ሩብ ኢንች ማለት ነው። ስለዚህ የምትቆርጪው 11.2 ሴንቲ ይሆናል። 3 ካሬ ሜትር ለማልበስ 3.8 ካሬ ሜትር ገደማ ጨርቅ ሄደ። ብጣሹ ትንንሽ ሆኖብሽ ካሬውን ወደ 5 ሴንቲ ብታወርጂውስ? ቁራጩ 1,200 ይደርሳል፣ ጨርቁም ከ4.6 ካሬ ሜትር ያልፋል። ብጣሹ ባነሰ ቁጥር ስፌቱ ይበላዋል። ማዳበሪያው ሲታይ ብዙ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አሁን ሰዓቱን ቁጠሪ። አንዱን ቁራጭ መርጠሽ፣ በካውያ ተኩሰሽ፣ ለክተሽ ለመቁረጥ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንበል። 300ው 10 ሰዓት ነው። መቀጣጠሉ፣ ከመሐል ሙሌት ከታች ገበር አድርጎ ሦስቱን አንድ ላይ መስፋቱ፣ ጠርዙን መጠቅለሉ ሌላ 15 ሰዓት ቢፈጅ ጎበዝ ነሽ። 25 ሰዓት ሆነ። መብራት ካልጠፋ ሦስት የሥራ ቀን።

ዩኒፎርም ቤቱ ሊከፍልሽ ያሰበውን የወር ደሞዝ ለምትሠሪበት ሰዓት አካፍዪው። በ25 አባዢው። ገበሩን፣ ሙሌቱን፣ ክሩን፣ ታክሲውን ጨምሪ፤ እነሱ ነፃ አይደሉም። የወጣውን ቁጥር ለአንዲት ጎረቤትሽ «የአልጋ ልብሴ ዋጋ» ብለሽ ንገሪያትና ፊቷን እዪ። መርካቶ ገብታ ከውጭ የመጣ ብርድ ልብስ የምትገዛበትን ዋጋ በቃሏ ታውቀዋለች።

ይባስ ብሎ አንድ ደንበኛ ወዶት «ሦስት እንደዚህ ሥሪልኝ» ቢልሽ አትችዪም። ሰማያዊው አልቋል። ደንበኛ ሲመለስ ልትደግሚለት የማትችዪውን ነገር ይዞ ሱቅ መክፈት እኔን ያስፈራኛል። ስፌት ቤቱ ስለተዘጋ አዲስ ብጣሽም አይመጣልሽም።

ማንም ደፍሮ የማይነግርሽ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር የተጣጣፈ ጨርቅ ድሮውኑ ስም አለው፤ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የለበሰ ማለት የቸገረው ማለት ነው። ቦሌ ያለ ካፌ ውስጥ ያንኑ ነገር ሶፋ ላይ ቢያየው የሚያደንቅ ሰው፣ የሰፈር ልጅ ስትሸጥለት ድሪቶ ይለዋል። ግፍ ነው፣ ግን ገበያው እንዲህ ነው። ድሪቶና ኩዊልትን የሚለያቸው የጨርቁ ዋጋ አይደለም። ድሪቶ ቀዳዳ በተገኘበት ይጣፋል። ኩዊልት ከመቆረጡ በፊት ታስቦበታል። የእጅ ሙያሽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የገጠር መንደር አለ። የባሪያ ልጅ ልጅ የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ብርድ ልብስ እየቀጣጠሉ ልጆቻቸውን ያሞቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። ይሄን ሰምተው «አየሽ፣ ከብጣሽም ይከበራል» የሚሉ ሞልተዋል። እኔን የሳበኝ ሌላው ታሪካቸው ነው። በ1966 በዚያ አካባቢ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል የሴቶች ኅብረት ሥራ ተቋቋመ። በ1972 ሲርስ ከተባለው ትልቅ መደብር የትራስ ልብስ የመስፋት ውል አገኙ፤ ጨርቁ ኮርዱሮይ ነው፣ ያ ባለ መስመሩ ከፋይ። ከውሉ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሴቶቹ ወደ ቤት እየወሰዱ ብርድ ልብስ ቀጣጠሉበት። ዛሬ ከሚደነቁት ሥራዎች መሐል የዚያ ኮርዱሮይ ትርፍራፊ አለበት። ቅደም ተከተሉን አየሽው? ውሉ ቀደመ፣ ብጣሹ ከኋላ መጣ።

ዩኒፎርም ያዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የዩኒፎርም ሰፊ ቀና አይልም። ፍጥነት ታገኛለሽ። አንድ ዓይነት ኮሌታ ሁለት መቶ ጊዜ ሰፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም።

አሁን ወደ ማዳበሪያው። እሑድ ከሰዓት አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ ዘርጊና አንዱን ማዳበሪያ ድፊው። አራቱን ባንድ ጊዜ እንዳታፈሺው፣ እናትሽ በእውነት ይወጣሉ። ከመዳፍሽ ያነሰውን ሁሉ ሳታስቢ ወደ ጎን አድርጊ። ለሚያምር ቀለም አትዘኚ። ቀጥሎ ምኑ ጥጥ፣ ምኑ ፖሊስተር እንደሆነ ለዪ። ስትነኪው ካልገባሽ ከጠርዙ ጥቂት ክር ምዘዢ። የብረት ሳህን ላይ ሻማ ለኩሺና ክሩን በወረንጦ ይዘሽ አስጠጊው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዱን በጣት ብትነኪው ይበናል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይተዋል፤ በጥፍርሽ ብትጨፈልቂው አይደቅም። ትኩስ ሳለ እንዳትነኪው፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ሁለቱም ምልክት ይታያል፤ እሱን ከፖሊስተሩ ጋር አድርጊው። ጥጥና ፖሊስተር አጎራብተሽ ብትሰፊ ለጥጡ የሚሆነው የካውያ ሙቀት ጎረቤቱን ያበላሸዋል፣ ሲታጠብም ጥጡ ሲገባ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል።

ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ለብቻ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ በካውያ ተጫኚው። ቀለም ከለቀቀ አታስገቢው። አንድ ቀይ ቁራጭ ሙሉ ሥራ ያበላሻል።

የሚተርፍሽ ግማሽ ማዳበሪያ ቢሆን ነው። ከእሱ ሦስት ነገር ሥሪ።

አንዱ 40 በ40 የትራስ ልብስ። ረጃጅም ቅዳጆቹን ለዚህ አውጪያቸው። ከመሐል ትንሽ ካሬ ትጀምሪና ቅዳጁን በአራቱ ጎን እያዞርሽ ትቀጥያለሽ፤ መሶብ ከመሐል እየዞረ እንደሚሰፋው። ቀለሙን ከሦስት አታሳልፊ፣ በየመሐሉ ነጭ አቡጀዲ አስገቢ፣ ዓይን የሚያርፍበት ያገኛል። ያኔ ድሪቶ የሚልሽ የለም። ሁለተኛው ገበርና ዚፕ ያለው ቦርሳ፤ ዚፕ መግጠም የማይችል ሰፊ ብዙ ስለሆነ እዚያ ላይ ትለያለሽ። ሦስተኛው የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። ለሙሌቱ ፋይበር አትግዢ። እናትሽ የጣሉት አሮጌ ጋቢ ካለ አጥበሽ ከመሐል አስገቢው። ጋቢ አራት ድርብ የጥጥ ፈትል ነው፣ ከዚህ የተሻለ ሙሌት የት ይገኛል? እናትሽንም ባለድርሻ ታደርጊያቸዋለሽ።

ሦስቱን ሥራዎች ሥራ ስትጠይቂ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ፎቶ ብቻ አይበቃም። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ይዤ ናሙና ሰፊ ወደሚፈልግ ቤት ሄጄ ነበር። ቦርሳዋ ያምራል። ኃላፊው ፊቱን አላየውም። ገልብጦ ውስጡን አወጣው፣ የስፌቱን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ሳብ አደረገው፣ ከዚያ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ነው «የት ተማርሽ?» ያላት። ናሙና ሰፊነት ከተራ ስፌት ከፍ ያለ ሙያ ነው፤ ዲዛይኑን ከወረቀት ወደ ጨርቅ የምታወጪው አንቺ ነሽ። እንዳንቺ ኩዊልት የነካ እጅ ለዚያ ይመቻል። ለዓመት ያሰብኩልሽ እሱን ነው።

የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ምዘና ወስደሽ ከሆነ አልጻፍሽልኝም። ካልወሰድሽ ውሰጂ።

መሸጥም ከፈለግሽ አልከለክልሽም። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉትን የስጦታ ዕቃ ሱቆች ዞረሽ ጠይቂ፤ ቱሪስት ቀላል ነገር ነው የሚገዛው፣ ሻንጣው ውስጥ የሚገባ። ዕቃሽን «ሲሸጥ ትወስጃለሽ» ብለው ቢቀበሉሽ ብዛቱንና ዋጋውን ጽፈው ይፈርሙልሽ። ሳታስፈርም ስምንት ቦርሳ አንድ ሱቅ የተወች ልጅ አውቃለሁ። ሱቁ ባለቤት ቀይሮ አገኘችው። ከመሸጥሽ በፊት ግን የ25 ሰዓቱን ሒሳብ እንደገና ሥሪው።

የቀረው ይውጣ ብዬሻለሁ። ልዋጭ ባዮቹን አትጠብቂ፤ እነሱ የሚፈልጉት የሚለበስ ልብስ ነው፣ ለብጣሽ ጭልፋም አይሰጡሽም። ትልልቁን ጥጥና የቲሸርት ዓይነቱን ሶማሌ ተራ ወስደሽ ጋራዦቹን ጠይቂ። ዘይት የሚመጥላቸው ጨርቅ ይፈልጋሉ። ፖሊስተር ዘይት ስለማይመጥ አይወስዱልሽም። እሱን ቆራርጠሽ ለመቀመጫ ትራስ ሙሌት አድርጊው፤ ይከብዳል፣ ግን መሬት ላይ ለሚቀመጥ ዱካ ይሆናል። ለሰፈር መዋዕለ ሕፃናትም ለእጅ ሥራ የሚሆን አንድ ፌስታል ስጪ። ግቢ ውስጥ እንዳታቃጥዪው አደራ፣ የፖሊስተር ጭስ ለእናትሽም ለጎረቤትም አይሆንም።

ሥራ የምትጀምሪው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ቢያንስ ሁለቱ ማዳበሪያ ከዚያ በፊት ከበሩ ይነሣ። ትራሱን እስከ ቡሄ ጨርሺው፤ ሌሎቹ መስከረም ካለፈ በኋላ ይደርሳሉ። ፎቶ ስትልኪልኝ ገልብጠሽ የጀርባውንም አንሺው።