ላፕቶፕ ከመግዛትሽ በፊት ቢልዱ የት እንደሚንቀራፈፍ ለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ታሪክ መሰለኝ። በታይፕስክሪፕት (ታይፕ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት፣ የተጨመረበት ጃቫስክሪፕት) እና በሪአክት (የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) የተሠራ ትልቅ የዌብ ፕሮጀክት፣ ቢልዱ (ኮዱን ብራውዘር ወደሚያስኬደው መልክ ማዘጋጀቱ) ፋይሎቹን በሚያጠቃልለው በዌብፓክ። አንድ መስመር ቀይረሽ ሴቭ ስታደርጊ 40 ሰከንድ፣ ከዜሮ ሲነሣ 6 ደቂቃ። ላፕቶፕሽ ባለ 8 ጊጋ ራም። «አዲስ ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?» ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ መላ አለው። መጀመሪያ ግን የኔን ጥፋት ስሚ።

እኔ ደሴ ነው የምሠራው። ጠዋት ቢልድ አስነሥቼ ቡና ወዳለበት እሄድ ነበር። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ አሁንም እየዞረ ነው። እቁቤ ሲደርሰኝ ሳላመነታ ባለ 16 ጊጋ ላፕቶፕ ገዛሁ። 7 ደቂቃ የነበረው 5 ሆነ። ያን ሁሉ ብር አፍስሼ ያተረፍኩት 2 ደቂቃ! ለሁለት ቀን ሰው አላናገርኩም።

ጥፋቴ ጊዜው የት እንደሚባክን ሳልለካ መግዛቴ ነው። ታይፕስክሪፕት ራሱ ይነግርሻል። ኮምፓይለሩን (ኮዱን ፈትሾ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይረውን) «ኤክስቴንድድ ዳያግኖስቲክስ» የሚለውን አማራጭ ጨምረሽ አስነሺው። ስንት ፋይል እንዳነበበ፣ ስንት ሜሞሪ እንደበላ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይዘረዝርልሻል። እኔ ጋ አብዛኛው ጊዜ «ቼክ ታይም» ላይ ነበር። ኮዱን ወደ ጃቫስክሪፕት መቀየሩ ቀላል ነው፤ ታይፑን መፈተሹ ነው የገደለኝ።

ስለዚህ ሁለቱን ለያየኋቸው። ዌብፓክን ከታይፕስክሪፕት ጋር የሚያገናኘው ቲኤስ ሎደር ላይ «ትራንስፓይል ኦንሊ» የሚባል አማራጭ አለ። እሱን ስታበሪው ዌብፓክ ታይፕ አይፈትሽም፣ ዝም ብሎ ይቀይራል። ፍተሻውን ፎርክ ቲኤስ ቼከር የሚባለው ፕለጊን ለብቻው በሌላ ፕሮሰስ ይሠራል። ገጹ ቶሎ ይከፈታል፣ ስህተቱ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። የታይፕስክሪፕት ኮንፊግ (ማስተካከያ ፋይል) ላይ «አይሶሌትድ ሞጁልስ»ንም አብሪው፤ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ስለሚቀየሩ ችግር የሚፈጥር አጻጻፍ ካለ ያስጠነቅቅሻል። ፕለጊኑ የራሱን ሜሞሪ ስለሚበላ ግን በ8 ጊጋ ላይ ክሮምን በሠላሳ ታብ ከፍተሽ ተአምር አትጠብቂ።

እዚያው «ስኪፕ ሊብ ቼክ»ንም አብሪ። የላይብረሪዎቹን የታይፕ መግለጫ ፋይሎች መፈተሹን ይተዋል። አንቺ ራስሽ የጻፍሻቸውን መግለጫዎችም አብሮ እንደሚዘል ግን አትርሺ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በየፎልደሩ ውስጥ ሁሉንም ነገር ሰብስቦ መልሶ የሚያወጣ «ኢንዴክስ» ፋይል አላችሁ? እኛ ነበረን፣ ያውም እየተኩራራንበት። ኢምፖርቱ አጭርና ቆንጆ ይሆናላ! ጉዱ ግን እዚህ ነው። አንድ በተን ብቻ ስትፈልጊ ኢንዴክሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጎተታል፤ ቻርቱ፣ ካሌንደሩ፣ የአይከን ላይብረሪው በሙሉ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ልትገዢ ሰኞ ገበያ ወጥተሽ ገበያተኛውን ሁሉ ይዘሽ ቤት እንደመግባት ነው። ለተጠቃሚው በሚወጣው ቢልድ ላይ ዌብፓክ ትርፉን ሊቆርጠው ይችላል፤ ለመቁረጥ ግን መጀመሪያ ማንበብ አለበት። ስትሠሪ ሳለሽ ደግሞ መቁረጡም የለም። እኛ ኢንዴክሶቹን አፍርሰን እያንዳንዱን ከራሱ ፋይል መጥራት ጀመርን። ሁለት ሳምንት አሰልቺ ሥራ ነበር፣ የቡድኑ ሰው ሁሉ ረገመኝ። ሴቭ ሳደርግ የምጠብቀው ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ካሽ፤ ያለፈውን ቢልድ ውጤት አስቀምጦ መልሶ መጠቀም ማለት ነው። በ2020 የወጣው ዌብፓክ 5 ካሹን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። ካላዘዝሽው ግን ስትሠሪ ካሹን የሚይዘው ራም ላይ ብቻ ነው። መብራት እንደኛ አገር በሆነበት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መብራቱ ሄዶ ባትሪሽ ካለቀ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። የዌብፓክ ኮንፊግ ላይ የካሹን ዓይነት «ፋይልሲስተም» በይው። ወዲያው ሳይሆን ሥራው ጋብ ሲል ነው ዲስክ ላይ የሚጽፈው፤ ቢልዱ እንዳለቀ በጥድፊያ አትዝጊው። የኮንፊግ ፋይሉንም «ቢልድ ዲፔንደንሲስ» ውስጥ አስገቢ፣ አለበለዚያ ኮንፊጉን ቀይረሽ አሮጌው ውጤት እየመጣ ያሳብድሻል። እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት በልቶኛል።

ዊንዶውስ ከሆነ አንቲቫይረሱ እያንዳንዷን የኖድ ሞጁልስ (ላይብረሪዎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር) ፋይል ይፈትሻል። የፕሮጀክቱን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ አውጪው፤ ዲስኩን በሙሉ ግን እንዳትነኪ።

አንድ ነገር ደግሞ ታዝቤያለሁ። ያው ላፕቶፕ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ስሠራበት ከሰዓት ላይ ፋኑ ይጮሃል፣ ቢልዱም ይጎተታል። ፕሮሰሰር ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልጋ ላይ አድርገሽ አትሥሪ፣ ከሥሩ አየር ይግባለት።

በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት የታይፕስክሪፕትን ኮምፓይለር «ጎ» (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና እየጻፈው መሆኑን አስታውቋል። የቪኤስ ኮድ (የማይክሮሶፍት ኮድ መጻፊያ) 1.5 ሚሊዮን መስመር ገደማ ኮድ ፍተሻ ከ77.8 ሰከንድ ወደ 7.5 ወርዶ አሳይተዋል። ደስ ይላል፤ የኢንዴክስ ፋይሎችሽን ግን እሱም አያፈርስልሽም።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ ዲስክሽ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) አስገቢ፣ ከላፕቶፕ በጣም ይረክሳል። ራም የሚጨመርበት ከሆነም ጨምሪ። ግን ከዚያ በፊት ዛሬ ማታ ልኬቱን አስነሺና ቁጥሮቹን እዚሁ ለጥፊልን። «ቼክ ታይም» እና የሜሞሪው መስመር በተለይ እንዳይቀሩ።