የቤት እድሳት ዋጋ ተገቢነቱ በምን ይታወቃል? ፍርድ ቤትስ ያስቀንስልናል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። በ76 ዓመቱ አባቴ ስም የተመዘገበውን ቤት ለማሳደስ ፈልገን አንድ ሥራ ተቋራጭ የጣሪያውን ቆርቆሮ ለመለወጥ፣ ግድግዳውን እንደገና ለመለሰንና ለመቀባት፣ ሻወር ቤቱንም እንደ አዲስ ለመሥራት በድምሩ 1,850,000 ብር የሚል ባለ አንድ ገጽ የዋጋ ማቅረቢያ ለአባቴ ሰጠ። ወረቀቱ ዋጋው ለ15 ቀናት የሚጸና መሆኑን፣ 60 በመቶው በቅድሚያ እንደሚከፈል፣ ዋጋው እንደ ገበያው ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችልና ለሥራው የ6 ወር ዋስትና እንደሚሰጥ ይገልጻል። ጎረቤታችን ተመሳሳይ ሥራ እጅግ ባነሰ ዋጋ አሠርተዋል። እኔ ለሥራ ተቋራጩ በቴሌግራም «ሥራውን እንፈልገዋለን፤ ዋጋው ግን ይስተካከልልን» ብዬ የጻፍኩ ሲሆን፣ አባቴ ደግሞ ሳይነግሩኝ 50,000 ብር ሰጥተው «ለቤት እድሳት ቀብድ» የሚል ደረሰኝ ተቀብለዋል። ዋጋው ተገቢ ነው? ብንፈርምና በኋላ የተጋነነ ሆኖ ቢገኝ ፍርድ ቤት ያስቀንስልናል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብነሣ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ያለውን ክብደት የሚያሳየው የእሱ መልስ ነውና። ፍርድ ቤት በመርህ ደረጃ ዋጋ አያስቀንስም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር መሆኑን የሚደነግግ ሲሆን፣ በአንቀጽ 1763 ደግሞ ሕጉ ለይቶ ካመለከታቸው ሁኔታዎች በስተቀር ዳኞች ለርትዕ፣ ማለትም ለሚዛናዊ ፍትሕ፣ በማሰብ ብቻ የውልን ቃል እንዳይለውጡ ይከለክላል። አንቀጽ 1710 ይባስ ብሎ አንድ ውል ለአንደኛው ወገን እጅግ የበለጠ ጥቅም ማስገኘቱ ብቻውን ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል። ከዚህ የሚወጣው በር ጠባብ ነው፤ የተጎዳው ወገን ፈቃዱን የሰጠው ችግሩን፣ የአስተሳሰቡን ገርነት፣ እርጅናውን ወይም ግልጽ የሆነ የሥራ ልምድ ማጣቱን ሌላው ወገን መጠቀሚያ አድርጎበት እንደሆነ ካስረዳና ፍትሕ የሚያስገድድ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። የአባትዎ ዕድሜ እዚህ ላይ ሊነሣ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ ሥራ ተቋራጩ ያንን ድካም ተጠቅሞበታል የሚለውን ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው። ዋጋ አነጻጽራ በጽሑፍ የተከራከረች ልጅ ከጎናቸው መኖሯም ክርክሩን የሚያጠነክረው አይመስለኝም። ስለዚህ ዋጋው መመርመር ያለበት አሁን፣ ከፊርማ በፊት ነው።

ለመሆኑ ውል እስካሁን አልተመሠረተም ወይ? በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። የእድሳት ውል የባለቤትነት መብትን የሚያስተላልፍ ባለመሆኑ የግድ በጽሑፍ መሆን አይጠበቅበትም፤ በአንቀጽ 1681 መሠረት ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም ጥርጥር በማያስገባ አድራጎት ሊገለጽ ይችላል። በአንቀጽ 1883 ደግሞ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። አባትዎ የዋጋ ማቅረቢያውን ተቀብለው ያለምንም ተቃውሞ 50,000 ብር ከፍለው ከሆነ፣ ሥራ ተቋራጩ «በ1,850,000 ብር ተዋውለናል» ብሎ ለመከራከር በእጁ በቂ ነገር አለው። በአንጻሩ የእርስዎ የቴሌግራም መልእክት ከክፍያው ቀድሞ ከሆነና ለአባትዎ ወክለው እንደጻፉ ሥራ ተቋራጩ ያውቅ ከነበረ፣ አንቀጽ 1694 የሚደግፈው እናንተን ነው፤ ከቀረበው ሐሳብ ጋር የማይጣጣም ወይም ገደብ ያለበት መልስ ሐሳቡን እንደ መተውና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራልና። ይህ ግን በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። ሥራ ተቋራጩ ለ15 ቀናት በዋጋው ጸንቶ የመቆየት ግዴታ የነበረበት በአንቀጽ 1690 ሲሆን፣ የእርስዎ መልስ ሐሳቡን እንደ መተው ከተቆጠረ እሱም ከዚያ ግዴታ ነፃ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ የደረሰኙን ቀንና የመልእክቱን ቀን አስተያይታችሁ የትኛው እንደቀደመ እወቁ፤ መልእክቱንም እንዳይጠፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ውል አለ ተብሎ ቢወሰን እንኳ የጉዳታችሁ ልክ የሚታወቅ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም ማፍረስ ከፈለገ አጠፌታውን፣ ማለትም በእናንተ ጉዳይ 100,000 ብር፣ መመለስ አለበት። ቀብድ የበላ ባለሙያ እንደልቡ የሚጠፋው ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ዋጋው በ300,000 ብር የተጋነነ ሆኖ ካገኛችሁት 50,000 ብሩን ለቆ መውጣት የሚያሳፍር ስሌት አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። 1,850,000 ብር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እኔም ሆንኩ ሌላ ማንም በዚያ አንድ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ሊነግራችሁ አይችልም፤ የወረቀቱ ዋና ጉድለትም ውድነቱ ሳይሆን የማይመረመር መሆኑ ነው። አንዱን መስመር ብቻ እንውሰድ። «የሻወር ቤት እድሳት ከነዕቃው» የሚል መስመር ልኬት የለውም። ክፍሉ 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው ብንል ዙሪያው 9 ሜትር ይሆናል፤ ሴራሚኩ እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ የሚለጠፍ ከሆነ 21.6 ካሬ፣ 80 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር የሆነው በር ሲቀነስ 20 ካሬ፣ 5 ካሬ ወለል ሲጨመር 25 ካሬ፣ ለስብርባሪና ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ቢታሰብ ወደ 27.5 ካሬ ይደርሳል። ይህን ካወቃችሁ መርካቶ ገብታችሁ የአንድ ካሬ ሴራሚክ ፕሮፎርማ ማሰባሰብና የዕቃውን ወጪ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ የቀረው የእጅ ዋጋ፣ ማጣበቂያ፣ የቧንቧ ሥራና ትርፍ ነው። የሴራሚኩ ዓይነት፣ መጠንና ደረጃ ካልተጻፈ ደግሞ ሕጉ የሚያግዛችሁ እስከ መካከለኛ ጥራት ድረስ ብቻ ነው። ነባሩን ሴራሚክ ማን ያነሳል፣ ፍርስራሹን ማን ያስጭናል፣ ውኃ እንዳይሰርግ የሚከላከለው ሽፋን ተካትቷል ወይ የሚሉትም እንዲሁ መጻፍ አለባቸው። ለጣሪያው የቆርቆሮው ውፍረት በጌጅ፣ ለልስኑና ለቀለሙ ደግሞ ስፋቱ በካሬና የቀለሙ ዙር ብዛት እንዲገለጽ ጠይቁ።

የጎረቤታችሁ ዋጋ ማመሳከሪያ ሊሆን የሚችለው ተመሳሳይ ነገር ከሆነ ብቻ ነው። እሳቸው ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው የእጅ ዋጋ ብቻ ከፍለው ሊሆን ይችላል፤ ያሠሩትም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ከነበረ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ሌላ ነበር። ታክሱም አለ፤ በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ተቋራጭ 15 በመቶ ይጨምራል። በእናንተ ወረቀት ላይ 1,850,000 ብሩ ታክሱን ይጨምር አይጨምር ካልተገለጸ 277,500 ብር በአየር ላይ ነው ማለት ነው። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ ይህን ታክስ ሊያስከፍላችሁ አይችልም፤ ስለዚህ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱንና የዘንድሮውን የታደሰ ንግድ ፈቃድ እንዲያሳያችሁ መጠየቅ አያስነውርም።

«ዋጋው እንደ ገበያው ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል» የምትለዋ ሐረግ ከመላው ወረቀት የከፋችው ናት። ያለ እሷ ዋጋው ቁርጥ ቢሆን ኖሮ፣ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ የሚጸና በመሆኑ (አንቀጽ 1764) የሲሚንቶ መወደድ የተቋራጩ ኪሳራ ይሆን ነበር። እሷ ካለች ግን ቁርጥ ዋጋ አለን ማለት አትችሉም። ሆኖም የተቋራጩ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ከነአካቴው ትሰረዝ ብትሉት ስጋቱን በድምሩ ላይ አስቀድሞ ሊጭነው ይችላል። እኔ ብሆን እንደ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሴራሚክ ባሉ ጥቂት ዕቃዎች ላይ ብቻ እንድትወሰን፣ መነሻቸውም ቀን ባለው ፕሮፎርማ እንዲታወቅ፣ ጭማሪው ለምሳሌ ከ10 በመቶ ካለፈ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ በደረሰኝ እንድትካፈሉ አደርጋለሁ። የእጅ ዋጋ በምንም ምክንያት እንዳይነካ ይጻፍ።

ስለ ዋስትናው ብዙ አልልም። አንቀጽ 3039 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ለሚደረግ ሥራ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራውን በአግባቡ መከናወንና ጽናት እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ አይኖረውም። የ6 ወሩ መስመር ዝም ብሎ ቢፈረምበትም ጣሪያው በሥራ ጉድለት ቢያፈስ በ6 ወር አትታገዱም፤ ቢሰረዝ ግን ለክርክር ምክንያት አይተርፍም።

በግል ውል ውስጥ ለቅድሚያ ክፍያ ሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። 60 በመቶ ግን ከልክ ያለፈ ነው፤ በመንግሥት ግዥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ከ30 በመቶ የማይበልጥ፣ ያውም በዋስትና የተደገፈ ክፍያ ነው። ጣሪያው ሲገጠም፣ ልስኑ ሲያልቅ፣ ሻወር ቤቱ ውኃ ተለቆበት ሲፈተሽ እየተባለ በደረጃ ይከፈል፤ 5 በመቶው ከርክክብ በኋላ ቢያንስ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በእጃችሁ ይቆይ።

በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለባችሁን ላመልክት። አባትዎ ራሳቸው ካልፈረሙ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ውክልና ይስጥዎትና ከእንግዲህ ከተቋራጩ ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከዚያም ዝርዝር መጠንና ነጠላ ዋጋ ያለው፣ ቀን የተጻፈበት አዲስ ማቅረቢያ እንዲያመጣ፣ የተከፈለው 50,000 ብርም ዋጋው ሲጸድቅ ከመጀመሪያው ክፍያ የሚታሰብ እንጂ ቀብድ እንዳልሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲፈርም ጠይቁት። እምቢ ካለ መልሱን በጽሑፍ ያዙትና ከሌሎች ሁለት ተቋራጮች በዚያው ዝርዝር ላይ ዋጋ አስሞሉ። ስትስማሙ ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ሥራው የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ እንደሆነ፣ በተለይ የጣሪያው ቅርጽ ወይም ግድግዳ የሚነካ ከሆነ፣ ወረዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዱን የማውጣት ግዴታና ወጪው የማን እንደሆነም በውሉ ይግባ። ክፍያውን በባንክ በኩል፣ «የቤት እድሳት ውል ክፍያ» ብላችሁ ምክንያቱን በማስፈር ፈጽሙ።