ፈረቃው ሲመጣ ቀድሞ የሚወርደው ቀይ ውሃ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ ቀይ ነው። ሮቶው ሥር ጭቃ ይተኛል፣ ውሃውም ይሸታል። ጥፋቱ የመንግሥት ነው ወይስ የእኛ?»

እናቴ፣ እስከ ቆጣሪው ያለው የውሃ አገልግሎቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእርስዎ። ስለዚህ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይያዙ። ፈረቃው ከመጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱን ከቆጣሪው አጠገብ፣ ሌላውን ከሮቶው መውጫ ይቅዱና ጎን ለጎን ያቁሟቸው። የቆጣሪው ጠርቶ የሮቶው ከደፈረሰ ችግሩ ግቢዎ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የሚወርደው ቀይ ውሃ ግን የፈረቃው ጣጣ ነው። ውሃው ሲቋረጥ መስመሩ ባዶውን ይቀራል፤ ስንጥቅ ካለው ከቦዩ ቆሻሻ ይገባበታል። ተመልሶ ሲለቀቅ ዝገቱንና ደለሉን ጠርጎ ይመጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ከተማው ውሃ ወደሚያገኝበት አንገረብ ግድብ የሚገባው ጎርፍ የእርሻውን አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። ከሮቶው በፊት ጌት ቫልቭ (የውሃ መዝጊያ) ያስገጥሙ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ እሱን ዘግተው በባልዲ ይቀበሉት፤ ለሽንት ቤት ይሆናል።

ሞተር በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ካስገጠሙ ግን ዛሬውኑ ያስፈቱት። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ሞተሩ ሲስብ በየስንጥቁ ፍሳሽ ይገባል፤ ጎረቤትም ያንኑ ይጠጣል። ሞተር የሚስበው ከሮቶ ነው።

ሮቶውን ባዶ አድርገው በብሩሽ ይፈትጉት። ከዚያ ውሃ እየሞሉ፣ ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩ፤ ሽቶ ያልገባበት ይሁን። 24 ሰዓት ይቆይ። ይህን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው። ጎንደር ላይ 1000 ሊትር መድፋት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ቀስ እያሉ ለሽንት ቤት ይጨርሱትና ሮቶውን አለቅልቀው ይሙሉት። ለመጠጥ የሚሆነውን አስቀድመው በጀሪካን ይያዙ። ከደፈረሰ አጥልለው በነጠላ ያጣሩት፤ ጭቃ ክሎሪኑን ይበላዋል። ከዚያ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ውሃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

የቆጣሪውም ውሃ ሳይጠራ ከቀረ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ከጎረቤት ጋር ሆነው ያመልክቱ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ቀሪ ክሎሪኑ (ውሃው ውስጥ ሳያልቅ የቀረው ክሎሪን) እንዲለካልዎም ይጠይቁ፤ ቧንቧው ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም መገኘት አለበት። በሃይላንድ ይዘው ቢሄዱ ግን ክሎሪኑ መንገድ ላይ ይቀንሳል፤ እቤት መጥተው ይለኩ።