በየቀኑ ከአዳማ አዲስ አበባ ለሚመላለስ፦ ባለ 63 ወይስ ባለ 86?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «የምኖረው አዳማ ነው፣ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው፣ በኤሌክትሪክ ፒካፕ በየቀኑ ልመላለስ ነው፣ ባለ 63 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ባትሪ ይበቃኛል ወይስ ጨምሬ ባለ 86ቱን ልግዛ?» ነው ያልከው። እኔ በዚህ መንገድ በኤሌክትሪክ ፒካፕ መመላለስ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ የገዛሁት 63ቱን ነው። አሁን የምነዳው 86ቱን ነው። በመሃል የከሰርኩትን ገንዘብ አንተ እንድትከስር ስለማልፈልግ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መልሴ 86ቱን ግዛ ነው።

1. በኪሎ ሜትር የሚነግሩህን ቁጥር አትመን። ሻጩ ለእኔ «400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» አለኝ፣ ወረቀቱም ላይ 400 ይላል። የእኔ የቀን ጉዞ ከአዳማ ቤቴ እስከ አዲስ አበባ ሥራ ቦታዬ ደርሶ መልስ፣ ከተማ ውስጥ የምዞረውን ጨምሮ 220 ነው። ግማሽ ያህሉ ይተርፈኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ያ 400 ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና ፈተና የተለካ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። የዚያ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሣ የሚሄድ መኪና በለው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጸባዩ ከነዳጅ መኪና ይለያል፤ ከተማ ውስጥ ይቆጥባል፣ ፈጣን መንገድ ላይ ይበላል። በ110 ስትነዳ አየሩን ለመግፋት ብቻ በየኪሎ ሜትሩ የሚወጣው ጉልበት በ90 ስትነዳ ከሚወጣው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ፒካፕ ደግሞ ፊቱ ሰፊ ነው፣ ቁመቱም ረጅም ነው። የአዳማን ነፋስ ለአዳማ ሰው አላስረዳም። እነዚያ ከ130 በላይ ተርባይኖች ተራራው ላይ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው፣ ያው ነፋስ አንተንም መንገድ ላይ ያገኝሃል።

ስለዚህ በኪሎ ሜትር አታስብ፣ ባትሪው በሚይዘውና መኪናው በሚበላው የመብራት መጠን፣ በኪሎ ዋት ሰዓት አስብ።

2. ዳገቱን አስላው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ጠዋት ጠዋት መኪናህን 600 ሜትር ያህል ወደ ላይ ታወጣለህ። ከነጭነቱ ሦስት ቶን ቢሆን ለዚያ ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ማታ ስትወርድ መኪናው ራሱ ፍሬን ሲይዝ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። እኔ ለሁለት ወር በየቀኑ ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ለ100 ኪሎ ሜትር 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ስመለስ 22። ከተማ ውስጥ 4 ወይም 5። ሲደመር በቀን 54 ገደማ። የ63ቱ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ቢነሣ እንኳን የሚተርፈው 9 ነው። ያውም ባትሪው አዲስ ሆኖ፣ ሌሊቱን መብራት ሳይጠፋ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ብዙ ሳትጭን። አንተም እንደ እኔ ሳትጭን አትመለስም ብዬ እገምታለሁ፣ ፒካፕ የሚገዛ ሰው ለዚያ ነው የሚገዛው።

አሁን የሆነብኝን ልንገርህ። ገዝቼው አራተኛ ወሩ ነበር። ሌሊት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መብራት ጠፋ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ስነሣ ባትሪው 82 ፐርሰንት ላይ ነው። 82 ጥሩ ነው ብዬ ወጣሁ። ሥራዬ የቧንቧ ዝርጋታ ነው፣ አዲስ አበባ ሳይት አለኝ፣ ማታ ለአዳማ ደንበኞቼ ዕቃ ጭኜ እመለሳለሁ። ያን ቀን 600 ኪሎ ገደማ ሴራሚክና ቧንቧ ጫንኩ። ለመመለስ ስነሣ ባትሪው 30 ፐርሰንት ነበር፣ ስክሪኑ ደግሞ «120 ኪሎ ሜትር ይቀርዎታል» ይላል። ቤቴ 100 ኪሎ ሜትር ነው። 120 የሚለው የ400 ሠላሳ ፐርሰንት ነው፣ ያው የፈተናውን ቁጥር እያባዛ ነበር የሚያሳየኝ። ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ልቤ ስላልረጋ አንድ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ገባሁ። የእኔ መኪና ማስገቢያው ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ነው። ነፃ የነበረው መሰኪያ ሲሲኤስ2 የሚባለው የአውሮፓው ነው፣ አይገባም። የቻይናው ላይ ስድስት መኪና ተሰልፏል። መሽቷል። ተውኩትና ሄድኩ።

ቢሾፍቱን ሳልፍ 14 ፐርሰንት ሆነ። ኤሲ ዘጋሁ፣ ወደ 60 ዝቅ አልኩ፣ የጭነት መኪናዎች በጎኔ ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፉኛል። በስምንት ፐርሰንት ላይ መኪናው ራሱ ጉልበት መቀነስ ጀመረ። ሞጆ መውጫ ላይ በ4 ፐርሰንት ወጣሁ። አንድ ብየዳ ቤት ገና አልዘጉም ነበር። ባለቤቱን ለመንኩት፣ ሶኬት ሰጠኝ። ከተራ ሶኬት የሚገባው 2.2 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፣ አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆምኩ። ሰውየው ሻይ አስመጣልኝ፣ ቤቱን የሚዘጋበት ሰዓት አልፎ አብሮኝ ቆየ፣ ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ። እግዜር ይስጠው። ቤቴ የገባሁት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ ነው፣ ልጆቼ ተኝተዋል፣ ሚስቴ በር ላይ ቆማለች።

በሳምንቱ ሻጩ ጋር ሄድኩ። ከዋስትና ክፍሉ የተቀመጠው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ መኪናው ችግር የለበትም፣ አነዳድዎ ነው» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። አንድም ሰው አልገጨሁም። «ታዲያ 400 ያላችሁኝ የት አለ?» ስለው «እሱ ላብራቶሪ ነው፣ ሁሉም ያውቃል» አለ። ሁሉም የሚያውቅ ከሆነ ገንዘቤን ስትቀበሉ ለምን አልነገራችሁኝም? እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያን ጊዜ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል የነበረው ልዩነት ግማሽ ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፣ ያንን አትርፌያለሁ ብዬ ነበር። 63ቱን ሸጬ 86ቱን ስገዛ ያጣሁት ከዚያ በለጠ።

3. ቤትህ ያለውን መስመር አስቀድመህ አረጋግጥ። ይሄ ከባትሪው መጠን እኩል ነው። በተራ ሶኬት በስምንት ሰዓት የሚገባልህ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ አንተ ደግሞ በቀን 54 ትበላለህ። 86 ባትሪ ገዝተህ በተራ ሶኬት ብትሞላው፣ ሰኞ ሙሉ ሆነህ ብትነሣ እንኳን ማክሰኞ ዕለት መንገድ ላይ ትቆማለህ። 32 አምፔር የሚችል የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ደህና የመሬት መስመር ያስፈልግሃል። 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ካስገባህ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይበቃል። ኬብሉን ሳትቆጥብ ወፍራም ግዛ። እኔ መጀመሪያ የሠራልኝ ኤሌክትሪሺያን ቀጭን ኬብል አስገብቶልኝ ሶኬቱ ቀለጠ። ሁለተኛውን ራሴ ቆሜ አሠራሁት፣ እስከ ዛሬ እጄን ባስቀምጥበት አይሞቅም። ጓደኞቼ እየመጡ ያዩታል።

4. ዋስትናውን ስታነብ ዓመቱን ትተህ ኪሎ ሜትሩን እይ። ብዙ ጊዜ የባትሪ ዋስትና «8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰው» ተብሎ ይጻፋል። 8 ዓመት ሲሉህ ደስ ይልሃል። እኛ ግን በቀን 220 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ብንሠራ 66,000 ነው። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባትሪው የአንተ ዕዳ ነው። ባትሪ እያደር አቅሙ ይቀንሳል፤ 63ቱ አሥር ፐርሰንት ቢቀንስ 57 ይቀርሃል፣ የቀን ፍላጎትህ 54 ነው፣ በቃ አለቀ። 86ቱ በተመሳሳይ ቢቀንስ 77 ይሆናል፣ አሁንም ትሠራበታለህ። ዋስትናው እዚህ አገር የሚሠራ መሆኑንም በጽሑፍ ይስጡህ፣ በቃል አትቀበል።

63ቱ መጥፎ መኪና ነው እያልኩህ አይደለም። የእኔን የገዛው የአክስቴ ልጅ ነው። አዳማና ወንጂ መካከል ነው የሚሠራው፣ በቀን ከ80 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ በሦስት ቀን አንዴ ይሞላል፣ በጣም ደስተኛ ነው። ትልቁ ባትሪ ራሱ ይከብዳል፣ የመጫን አቅም ይቀንስብሃል፣ ለሱ ትርፉ ኪሳራ ነበር። ለእኔና ለአንተ መንገድ ነው ትንሹ የማይሆነው።

እኔ አሁን ማታ ቤቴ ስገባ 35፣ አንዳንዴ 38 ፐርሰንት ይዤ ነው። በ100 ነው የምነዳው፣ ከ110 ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። መብራት ቢጠፋም እንቅልፌን እተኛለሁ።

ቀብድ ገና ካልከፈልክ አንድ ነገር አድርግ። ለሙከራ መኪናውን ጠይቃቸው። ከቱሉ ዲምቱ ግባና እስከ ቢሾፍቱ በ100 ነድተህ ተመለስ፣ ስትነሣና ስትደርስ ፐርሰንቱን ጻፍ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ለየብቻ። የስክሪኑን ኪሎ ሜትር አትይ። ሙከራውን እምቢ ካሉህ ሌላ ሻጭ ጋር ሂድ።